ትሪቡኑ የተሰነጠቀበት ዓመት

ስንጥቁን መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። ያዩት የሜዳው ጠባቂ ናቸው። በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ እኔ የምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥገና ክፍል ድረስ መጡና በር ላይ ቆሙ። ሥራ ላይ ሳለሁ መጥተውብኝ አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ ስትወጣ በሜዳው በኩል እለፍ» አሉኝ።

«ምነው አባባ፣ ችግር አለ?»

«እለፍ ብቻ።»

ሜዳው ከፋብሪካው ጀርባ ነው። በአንድ በኩል አሮጌው የባቡር ሐዲድ፣ በሌላው በኩል ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርደው ተዳፋት ያዋስኑታል። የተወለድኩት ከሐዲዱ ማዶ ካሉት የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ስለሆነ ሜዳው የሌለበትን አቃቂ አላውቅም። አባቴ እንደሚነግረኝ ግን ቦታው ድሮ ድንጋይና እሾህ የሞላበት ጥቁር ዋልካ ነበር። የፈትልና የሽመና ክፍል ሠራተኞች የእግር ኳስ ቡድን ሲመሠርቱ እሑድ እሑድ እየወጡ ድንጋዩን በእጃቸው ለቀሙት። ትሪቡኑ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የፋብሪካው ግንበኞች በብሎኬትና በሲሚንቶ ሠሩት፤ የመቀመጫ ደረጃዎቹን የተሸከሙት ደግሞ ከባቡር መሥመሩ የተነሱ አሮጌ ሐዲዶች ነበሩ። መሐንዲስ አይቶት ያውቅ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

በዚያ ሜዳ የግራ መስመር ተከላካይ ሆኜ ተጫወትኩ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ቡድን መሪ ሆንኩ። ወደ ትልቁ ሊግ ያደግንበትን ዓመት የአቃቂ ሰው እስካሁን ያወራዋል። ትሪቡኑ ሞልቶ፣ ሰው የፋብሪካው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያይ ነበር። ከሳሪስ በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ። ግን ብዙም ሳንቆይ ወረድን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን ከኳሱ ይልቅ የሜዳው ነው።

መጀመሪያ የሊጉ ሰዎች መጥተው አጥር የላችሁም፣ ለእንግዳ ቡድን መልበሻ ክፍል የላችሁም፣ መውጫ በራችሁም አንድ ብቻ ነው አሉን። አንድ ሙሉ ዓመት የሜዳችንን ጨዋታ ሌላ ከተማ ሄደን ተጫወትን። ጠዋት አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ ባዶ ወንበር ፊት ተጫውተን እንመለሳለን። ደጋፊው ይህን አልቻለም። በክረምቱ ሰዉ ያለውን ይዞ መጣ፤ አንዱ ብሎኬት ተሸክሞ፣ አንዱ አሸዋ በባጃጅ ጭኖ። ገበያው ውስጥ ሱቅ ያላቸው የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች ቆርቆሮና ሚስማር አወጡ። አጥሩን አጠርን፣ መልበሻ ክፍሉን ሠራን፣ ሁለተኛ በር ከፈትን፣ ተፈቀደልንና ወደ ቤታችን ተመለስን።

ወዲያው ፋብሪካው ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ግማሹን ማሽን ነቅለው ግማሹን ሠራተኛ አሰናበቱ። ቡድኑን አላፈረሱትም፤ ስለ ሜዳው ግን አንድ ደብዳቤ ጻፉልን። የንብረት ኃላፊያቸው ቢሮው ጠርቶ ራሱ አነበበልኝ። ትሁት ወጣት ነበር፤ ወንበር ስቦ ነው ያስቀመጠኝ።

«ሜዳው ለሊግ ውድድር እስካገለገለ ድረስ ማንም አይነካችሁም» አለኝ። «ለውድድር ብቁ አይደለም የተባለ ቀን ግን ሜዳውን የምትጠቀሙበት ውል በራሱ ይቀራል። እኛ ምንም ማድረግ አይጠበቅብንም።»

የመጨረሻውን ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው። በሳምንቱ ቀያሾች መጥተው ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን መሐል ሜዳ ላይ ተከሉ። ልምምድ ላይ የነበሩት ተጫዋቾች ኳሱን አቁመው ያዩአቸው ጀመር። ሲሄዱ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅን፤ የሚነግረን ጠፋ። አምበላችን ቁጥሩን በኖራ ቀብቶ አጠፋው። ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ላይ፣ ከበፊቱ በበለጠ መጠን ተጽፎ አገኘነው።

ጠባቂው «እለፍ» ያሉኝ በዚህ መሐል ነው።

ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ከትሪቡኑ ሥር ያለውን ዕቃ ቤት ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። መረቡ፣ ኳሶቹ፣ ለመስመር ማስመሪያ የምንጠቀምበት ኖራ፣ ሁሉም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጠባቂው በወጣትነታቸው የባቡር መሥመር ጠጋኝ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር ሠርተዋል። ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ላይ አበሩ። ከአንደኛው ሐዲድ ሥር ተነስቶ ግድግዳውን እየተከተለ እስከ ወለሉ ድረስ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ጣቴን ሳስገባው ገባ።

«የድሮ ነው፣ አይደል?» አልኳቸው። የድሮ ነው እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት አልነበረም።»

«ዋልካው ነው አባባ። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። በጋ ሲመጣ ይገጥማል።»

«እናየዋለን» አሉኝ። ጀሶ በጥብጠው ስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሁለት ቦታ ለጠፉበትና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ጀሶው ደህና ይሆናል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በባቡር መሥመሩ ድልድዮች ላይ እንደዚህ ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ።

በአሥረኛው ቀን ሁለቱም ተሰብረው ነበር። ሌላ ለጠፉ። እሱም ተሰበረ።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ደብዳቤው በተነበበልኝ ቀን ነው ያወቅኩት። ስንጥቁ ከተሰማ ሜዳው ብቁ አይደለም ይባላል፣ ውሉ በራሱ ይቀራል፣ ያ ትሁት ወጣትም ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። የአባቴ ጓደኞች ድንጋዩን የለቀሙበትን ሜዳ እኔ በአፌ አሳልፌ ልሰጠው ነው ማለት ነው።  ባለቤቴ «ምን ሆነሃል አንተ? ደመና ባየህ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል» ትለኝ ነበር። ጉልበቴ ነው እላታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የሊጉ ሰዎች ሜዳውን ለመቆጣጠር እንደሚመጡ ተነገረን። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ዘግቼ ሲሚንቶ አቦካሁ። ስንጥቁን ሞላሁት፣ አስተካክዬ ለሰንኩት፣ ሲደርቅ ግድግዳውን በሙሉ በኖራ ቀባሁት። ሙያዬ ጥገና ነው፤ ያማረ ሥራ ሠራሁ። ጠባቂው የጀሶውን ስብርባሪ ከወለሉ ላይ እየጠረጉ ያዩኝ ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ ሰኞ መጡ። አንደኛው ዕቃ ቤቱ ገብቶ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«አዲስ ቀለም ነው» አለ።

«እናንተ ትመጣላችሁ ብለን ነው ያደስነው» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ብቁ ነው ብለው ፈርመው ሄዱ።

መኪናቸው ከግቢው ሲወጣ ጠባቂው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አሁን እንግዲህ የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን» አሉኝ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ አልቆይም። አንተ ግን ይዘኸው ትቆያለህ።»

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በሰኔ መጀመሪያ እሑድ ላይ ዋለ። ካሸነፍን በሊጉ እንቆያለን፤ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ከሐሙስ ጀምሮ ሲዘንብ ሰንብቶ እሑድ ጠዋት ቆመ፤ ሰማዩ ግን አልጠራም። በስድስት ሰዓት ስደርስ ወደ ትሪቡኑ የሚወጣበት በር በሰንሰለት ታስሮ ቁልፍ ተቆልፎበታል። ጠባቂው በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰው ሜዳውን ዙሪያ ከቦ ቆሞ ያያል። ወደ ላይ ግን አይወጣም።»

«የጨዋታው ኮሚሽነር ትሪቡኑ ለምን ተዘጋ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ከነገርኩት እኮ ሜዳው ዛሬውኑ የለም!»

 ተነሱና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «እኔ አልከፍትም» አሉ። «ከከፈትክ አንተ ክፈት።»

ከፈትኩት። ይህን ስጽፍ የማለባብሰው ነገር የለም፤ በገዛ እጄ ከፈትኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ትሪቡኑ ጢም አለ። ከሥራ የተሰናበቱት ሠራተኞች ሳይቀሩ ከየሄዱበት መጥተዋል። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በሚኒባስ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ከበሮ አለ፣ ዘፈን አለ። እኔ ከተጠባባቂዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ከሜዳው ይልቅ ትሪቡኑን አያለሁ። ጨዋታው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ከላይኛው ረድፍ አንድ እጅ ሲውለበለብልኝ አየሁ። ልጄ ናት። ሳሪስ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ኳስ ብዙም አትወድም። የሥራ ጓደኞቿን ይዛ መጥታለች። ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው ሳትነግረኝ የመጣችው።

ያኔ ያደረግኩት ነገር ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

«ወደዚህ ነይ፣ እኔ ጋ ወንበር አለ።»

«አይ አባዬ፣ እነሱን ጥዬ የት እመጣለሁ? እዚህ በጣም ይታያል!»

«ነይ ስልሽ!»

«ምነው?» አለች። ከበሮው ድምፅዋን ዋጠውና ስልኩ ተዘጋ። ያ ሁሉ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ እኔ ላወርድ የሞከርኩት አንዷን ብቻ ነበር።

ከእረፍት ተመልሰን ብዙም ሳንጫወት አምበላችን ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አገባው። ትሪቡኑ ላይ ያለው ሰው በሙሉ አንድ ላይ ተነስቶ ዘለለ። በጩኸቱ መሐል ከሥር የመጣ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አጭርና ወፍራም ነበር፣ ከባድ መኪና በር እንደሚዘጋ ዓይነት። ከጎኔ ያለው የቡድኑ ሐኪም አልሰማም፤ እየዘለለ ነው። ከሜዳው ማዶ ግን ጠባቂው ወደኔ ሲሮጡ አየሁ። እኒያን ሽማግሌ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«የዕቃ ቤቱ በር አልከፈት አለኝ» አሉኝ እያለከለኩ። «ደፉ ተጣሟል። ግድግዳው ተጭኖታል። ደግመው ከዘለሉ እንጃ!»

ወደ ኮሚሽነሩ ሮጥኩ። «ጨዋታውን አስቁምልኝ፣ ትሪቡኑ ይወድቃል» አልኩት። መጀመሪያ ያሾፍኩ መሰለው። ፊቴን ሲያይ ግን ለዳኛው ምልክት ሰጠ፤ ፊሽካው ተነፋ። ድምፅ ማጉያውን ከአስተዋዋቂው እጅ ተቀበልኩ።  ይወድቃል ብል ሰው ተራግጦ ያልቃል።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «ለትንሽ ጊዜ ነው። ከታችኛው ረድፍ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሜዳው ውረዱ። ማንም እንዳይሮጥ። ማንም እንዳይዘል።»

የተመለሰልኝ ፉጨት ነው። እየመራን እኮ ነው! «ምን ሆነህ ነው?» «ተቀመጥ!» እያሉ ጮኹብኝ፤ የውኃ ፕላስቲክ ወረወሩብኝ። የተነሳ ሰው የለም። ደግሜ ተናገርኩ፤ ከበሮው ባሰበት። ያኔ ከላይኛው ረድፍ ልጄ ስትነሳ አየሁ። ድምፄን ታውቀዋለች። የአንዷን ጓደኛዋን እጅ ይዛ በሰዉ መሐል እያለፈች፣ አጠገቧ ያለውን ሁሉ በእርጋታ እያናገረች መውረድ ጀመረች። እሷን ተከትለው ጥቂቶች ተነሱ። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሌላ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። የመጨረሻው ሰው፣ ከበሮ መቺው፣ እየተሳደበ ወረደ።

ትሪቡኑም ቆሞ ቀረ። ባዶውን፣ ደህና ሆኖ፣ ከደመናው ሥር ተገትሮ ያየናል። ሰዉ ሁሉ ሜዳው ውስጥ ቆሞ አንዴ ትሪቡኑን አንዴ እኔን ያያል። ይውደቅ ብዬ በልቤ ለመንኩ። አልወደቀም።

ሰዉ ከሜዳው ስላልወጣ ጨዋታው ተቋረጠ። በሳምንቱ ፎርፌ ተሰጠብንና ወረድን። የኮሚሽነሩን ሪፖርት ተከትሎ ሜዳው ታሸገ፤ ውሉም በራሱ ቀረ።

ሜዳውን ሸጦታል መባል የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። እየመራን ጨዋታ ያስቆመ ቡድን መሪ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ታክሲ ተራ ላይ ሰው ጀርባውን ይሰጠኝ ጀመር። አብሮኝ አሥር ዓመት የተጫወተ ሰው ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈኝ። አንድ ጠዋት የግቢያችን በር ላይ በትልቁ «ሻጭ» ተብሎ ተጽፎ አገኘን። በቀይ ቀለም ነው። ባለቤቴ በጨርቅና በጋዝ ስትፈገፍግ ዋለች፤ ጨርሶ አልለቀቀም።

ልጄን ሁሉንም ነገርኳት። ስንጥቁን፣ ሲሚንቶውን፣ ቁልፉን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አባዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እዚያ ባልኖርስ?»

«ድምፁን ሰምቼ አስቆመው ነበር» አልኳት።

«ከድምፁ በፊት ነው የምጠይቅህ።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ አልደወለችልኝም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጠባቂው ጃንጥላቸውን ይዘው ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው።

«ወደቀ» አሉኝ።

አብረን ሄድን። መሐሉ ነው የሰመጠው። ሐዲዶቹ ከብሎኬቱ ተፈልቅቀው ወደ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ የላይኛው ረድፍ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። በኖራ የቀባሁት ግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ሲሚንቶዬ እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ልጄ የተቀመጠችበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጠባቂው ጃንጥላቸውን ከላዬ ያዙልኝ።

አሁንማ ሰዉ ያምነኛል ብዬ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት ባለቤቶቹ ፍርስራሹን የሚያነሳ ኤክስካቫተር አስገቡ። አመሻሹ ላይ የአቃቂ ሰው ሁሉ የሚያወራው ኤክስካቫተሩ እንደጣለው ነበር። ጠባቂው በየሻይ ቤቱ እየዞሩ «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ራሱ ነው የወደቀው» አሉ። ለእሳቸውም ድርሻቸው ደርሷቸዋል ተባለ። ያን የሰሙ ቀን ሻይ ቤት መሄድ ተዉ።

ተጫዋቾቹን በአምበሉ በኩል ለመንኳቸውና በአንድ ካፌ ተሰበሰቡልኝ። ሁሉም አልመጡም። የደበቅኩትን ነገርኳቸው፤ የጀሶውን፣ የቁጥጥሩን፣ በሩን ማን እንደከፈተው። ስጨርስ ማኪያቷቸው ቀዝቅዞ ነበር።

አምበሉ ነው የተናገረው። «እናቴ እዚያ ላይ ነበረች፣ ጋሼ። ያውቃሉ?»

«አላውቅም ነበር።»

«ሰዉ እርስዎ ሸጡት ሲል እከራከርልዎ ነበር። ቢሸጡት ይሻል ነበር።» ተነስቶ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ ሻጭ የሚለኝ ጠፋ። ምንም የሚለኝ ጠፋ ብል ይሻላል።

ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገበም። ሜዳ የሌለው ቡድን ማን ይመዘግባል? ጎበዞቹ ሌላ ክለብ ገቡ፣ የቀሩት ኳሱን ተዉ። ሜዳው ላይ አሁን ኮንቴይነር ተደርድሯል። ጠባቂው ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አንድ ጫፍ ሆኜ ቆምኩ፤ ልጄ ከማዶ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን ያዘችኝ። ስለዚያ ጥያቄ ግን አልተነጋገርንም፤ እስካሁንም አልመለስኩላትም።

አምበሉ ከአቃቂ ሳሪስ ሚኒባስ ይሾፍራል። ባለፈው ወር በዝናብ ታክሲ ስጠብቅ ፊቴ የቆመው የሱ መኪና ሆነ። ልመለስ ስል ጋቢናውን ከውስጥ ከፈተው።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይበሰብሳሉ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። በፋብሪካው አጥር በኩል ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ፊት እናይ ነበር። ቃሊቲ አደባባይ ደረስን።

«እናትህ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናት» አለ። ማርሽ ቀየረና «ልጅዎስ?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ተሳፋሪውን ይጠይቅ ነበር፤ ዝናቡም መስተዋቱን እየመታው ነበር።